የአባቴን ጢም የላጨሁበት ክረምት

አንድ ሰው የቆዳ ቀበቶውን ከሱሪው ላይ ሽው አድርጎ ሲመዘው የሚሰማው ድምፅ እኩዮቼን ሁሉ ግርፊያ ያስታውሳቸዋል፤ እኔን ግን ዲላ ወደነበረው ቤታችን፣ ከበሩ አጠገብ ወደነበረው ሚስማርና አባቴ ቀበቶውን አንጠልጥሎ ምላጩን ወደሚያመላልስበት ቅዳሜ ጠዋት ይመልሰኛል። በቀደም ዕለት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ገብቶ ቀበቶውን ሲፈታ ያ ድምፅ መጣብኝና፣ የምልጠውን ሽንኩርት አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ልጁ ሽንኩርቱ ያስለቀሰኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ፤ እኔም አመስግኜ ጠጣሁለት።

አባቴ ከአውራጃው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ከኮንጋም ከኢዲዶም መንደር፣ በቡና መሬት ድንበር ከጎረቤቱ የተጣላ ገበሬ ሁሉ ወደ ዲላ እየመጣ አባቴ ፊት ይቆምና ጉዳዩን ያስረዳው ነበር፣ አባቴም ሰምቶ፣ ጠይቆ፣ አንዳንዴም ገበሬውን ራሱን ተቆጥቶ፣ ብዕሩን ቀለም ነክሮ «ለክቡር» ብሎ ይጀምር ነበር። የሰው አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ፊቱ እንደ ወረቀቱ ንጹሕ መሆን አለበት ስለሚል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢሙን ሳይላጭ ከቤት አይወጣም ነበር። ምላጩ እንደ ሰንጢ እየተከፈተ የሚታጠፍ፣ እጀታው ቀንድ የሆነ፣ ከአንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ የገዛው ነበር። ሳሙናውን በብሩሽ እየመታ አረፋ ሲያስነሳ፣ ጉንጩን ነፍቶ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ወደ ላይ ሲይዝ፣ እኔ ከመደቡ ላይ ሆኜ አብሬው ጉንጬን እነፋ ነበር።

ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት የሚበልጠኝን ወንድሜን ግርማን ምላጭ አያያዝ ያስተማረው አባቴ ራሱ ነበር። እኔን ግን ጠጋ ካልኩ፣ የሴት ልጅ እጅ ምላጭ ላይ ምን ይሠራል ብሎ ያባርረኝ ነበር። ግርማ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ በሞያሌና በነገሌ መንገድ ጨውና ቆዳ እያመላለሰ በወር አንዴ፣ ሲመቸው ሁለቴ፣ ዲላ ላይ ጎራ ይልና አቧራውን ሳያራግፍ እናቴን አቅፎ ከመሬት ያነሳት ነበር። እናቴ ስትቆጣው ደስታዋን መደበቅ አትችልም ነበር። እኔ ሴት ልጇ ነኝ፣ ትወደኝም ነበር፤ ግርማ ግን ዓይኗ ነበር፣ ይህን ስናገር አሁን አልቀናም።

ሚያዝያ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ መንገዱን ሁሉ አጨቅይቶት ሳለ፣ የፍርድ ቤቱ ዘበኛና ሁለት ባለጉዳዮች አባቴን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ሲሰበስብ በድንገት ወደቀ ነው ያሉን። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኗል፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ሄዷል፣ ምላሱ ተሳስሯል። ድሬሰሩ መርፌ ወጋውና ጊዜ ይፈልጋል ብሎ ሄደ፣ ቄሱም ጠበል ረጩት። አባቴ ግን እናቴን በዓይኑ እየተከተለ አንድ ነገር ሊነግራት ይታገል ነበር፣ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ እየተሰበረበት ግራ እጁን ያወዛውዝ ነበር። ውሃ ሰጠነው፣ ትራሱን አስተካከልንለት፣ ወደ ፀሐይ አዞርነው፤ ሁሉንም እየገፋ ያለቅስ ነበር። እናቴ ሕመሙ ነው የሚያስለቅሰው ብላ እግሩን ታሸው ነበር። በዚያ እጁ የስንቱን ሰው ቃል ሲጽፍ ኖሮ፣ የራሱን አንዲት ቃል የሚያወጣበት መንገድ አጣ።

ግንቦት ሲገባ ጢሙ አደገ። በእኛ ደንብ ወንድ ልጅ ጢሙን የሚያሳድገው ሰው ሲሞትበት ነው፤ በተለይ እንደ አባቴ ቅዳሜ ሳይላጭ የማያልፈው ሰው ጢሙን ካሳደገ ጠያቂም አያስፈልገውም። አንድ ረፋድ ላይ አባቴን ፀሐይ እንዲሞቅ በር ላይ አስቀምጠነው ሳለ፣ ከላይኛው ሰፈር ሁለት ሴቶች አጥሩን አልፈው ሲሄዱ አዩትና ቆሙ፤ ስለ መውደቁ ያልሰሙ፣ ግርማ ግን መንገድ ላይ እንደሚኖር የሚያውቁ ነበሩ። ትንሽ ተንሾካሾኩና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የግርማን ስም እየጠሩ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። እናቴ ከጓዳ የወጣችው የወጥ ማማሰያ በእጇ እንደያዘች ነበር። ምን እንደሆነ ስትረዳ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ሴቶቹን እየገፋች እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘቻቸውና ተመልሳ አባቴ ፊት ቆመች።

«ልጄ በሕይወት እያለ ቤቴ ልቅሶ ቤት አይመስልም» አለችው። «ይህ ጢም ዛሬውኑ ይነሳል።»

አባቴ ራሱን በኃይል ወዘወዘ። እሷ ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጥታ ነበር። ጭነት መኪኖች ወደሚቆሙበት ነዳጅ ማደያ ሄዳ ሹፌሮቹን ስለ ግርማ ጠየቀቻቸው፣ እነሱም ደህና ነው፣ ከነገሌ ወዲህ አይተነዋል አሏት። ደስ ብሏት ተመለሰች፤ ስለ ጢሙ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሐዘን መቀመጥ ሟርት ነው፣ የጠሩት ነገር ይመጣል ትል ነበር።

የመጀመሪያው ሰው ከገበያው መንገድ የመጣው ፀጉር አስተካካይ ነበር። አባቴ ራሱን ከወዲያ ወዲህ ሲያወራጭና ምራቁ በአገጩ ላይ ሲወርድ አየና፣ በበሽተኛ አንገት ላይ ምላጭ አላሳርፍም፣ አንድ ነገር ቢሆኑ በእኔ ነው የሚላከከው ብሎ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ቀጥላ እናቴ ራሷ ሞከረች። ዓይኗ ደከም ያለ ስለነበረ መርፌ ውስጥ ክር እንኳ የማስገባላት እኔ ነበርኩ፤ ጆሮው ሥር ቆረጠችውና ደሙ በአረፋው ላይ ሲሰራጭ ምላጩን ጥላ ጮኸች። ቁስሉን በቡና ዱቄት ካፈነች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። «አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው» አለችኝ፣ እኔም ምላጩን ከመሬት አነሳሁት።

መጀመሪያ ያጠፋሁት ቀበቶውን ነው። አባቴ ምላጩን በጀርባው እየመራ፣ ስለቱን ወደ ኋላ እያስከተለ ቀበቶው ላይ እንደሚያመላልሰው ሺህ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማየትና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። ስለቱን አስቀድሜ ገፋሁትና ቆዳው ውስጥ ገባ፣ ደህናው ቀበቶ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም። አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ያዳነችኝ ጎረቤታችን የጅግሶ እናት ናት። ጌዴኦ ነበረች፣ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ስለነበረ ሴቱንም ወንዱንም በአንተ ነበር የምትጠራው። ከጓሯቸው እንሰት ቆርጣ፣ ከግንዱ የተላቀቀውን ወፍራም ነጭ ሽፋን በጣውላ ላይ በእግሯ ረግጣ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ስትፍቅ ከአጥሩ ላይ ተደግፌ አያት ነበር። ያን ቀን ምላጩን በእጄ እንደያዝኩ ስታየኝ ጠራችኝ፣ ነገሩን ሰማችና አልሳቀችም፤ ከእንሰቱ አንድ ጠፍጣፋ ቁራጭ ቆርጣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ሳሙናውን እንድቀባው ነገረችኝ።

«አትግፋ» አለችኝ። «ስትገፋ ይነክሳል። ስለቱ ይተኛ። ሥራው የግራ እጅህ ነው፣ እሱ ቆዳውን ይወጥር፤ ቀኙ ዝም ብሎ ይሂድ።»

አረፋውን በምላጩ ጠርጌ ሳነሳ እንሰቱ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ታየኝና ደስ አለኝ። የጅግሶ እናት ግን ቆይ አለችኝ። እንሰት የተቆረጠበትን ወዲያው አይናገርም፤ ጥቂት ቆይቶ ነው የተጫረበት ሁሉ እየጠቆረ የሚወጣው። መፋቋን ቀጥላ ቆይታ ቁራጩን ስታሳየኝ፣ ላዩ ላይ የድመት ጥፍር የሄደበት ይመስል ቡናማ መስመሮች ተደርድረው ነበር። ይህ ሁሉ አባትህ ነው አለችኝ። እኔም ተንሰቀሰቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ሌላ ቁራጭም አምጪ አልኳት። በሰኔ ዝናብ፣ በቤታቸው ጣሪያ ጠርዝ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ እንሰት ስላጭ ሰነበትኩ። የሰፈሩ ልጆች አበድሽ ወይ ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጠብቀን ጠብቀን መስመር ያልወጣበት ቁራጭ ሲገኝ፣ የጅግሶ እናት እጄን ይዛ እያገላበጠች አየችውና በቃ፣ ሂድ አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ውሃ አሞቀች፣ ፎጣ ነክሬ የአባቴን ፊት ሸፈንኩት፣ ሳሙናውን መትቼ ቀባሁት። ምላጩን ሳቀርብ በግራ እጁ የእጄን አንጓ ያዘ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉልበት አይቼበት አላውቅም ነበር። ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞር ነበር፣ አይሆንም ማለቱ ግልጽ ነበር፤ እኛ ግን ሴት ልጁ ስለምላጨው አፈረ ብለን ደመደምን። እናቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእጄ ላይ አላቅቃ እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችው።

«ስለ ግርማ ስትል» አለችው። «እኔ ሌላ ልመና የለኝም።»

ይህን ጊዜ ከሰውነቱ ኃይሉ ሁሉ ሲወጣ በእጄ ሥር ተሰማኝ። ደህናው ጉንጩ ቀላል ነበር፤ ሽባው ግን ልል ሆኖ ስለሚጎትት፣ በግራ አውራ ጣቴ ወደ ጆሮው እየወጠርኩ ጥቂት በጥቂት እየቀነስኩ ሄድኩ። በዚያ ወገን ስቆርጠው አይሰማውም ነበር፤ እሱ ሳይነቃነቅ ደሙን እኔ ብቻ አያለሁ፣ ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። እንባው እየወረደ አረፋውን ያቀጥነዋል፣ ምላጩም ያዳልጣል። እያሳመምኩት መስሎኝ ይቅርታ አባዬ፣ ይቅርታ አባዬ እያልኩ ጨረስኩ። ሦስት ቦታ ቆርጬው ነበር። እናቴ የተላጨ ፊቱን ስታይ ግን ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብላ ምሳዋን በላች።

ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ላጨሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከጓሮ የእርጥብ እንሰት ሽታ እየገባ፣ እኔ ምላጩን አስላለሁ፣ እናቴ የግራ እጁን ትይዛለች፣ እሱ ያለቅሳል። እናቴ በየሳምንቱ ወደ ነዳጅ ማደያው እየሄደች ሹፌሮችን ስትጠይቅ፣ አንዱ ሞያሌ አየሁት ይላታል፣ ሌላው መኪናው ተበላሽቶበት ዕቃ እየጠበቀ ነው ይላታል። ሐምሌ ላይ አንደኛው ግርማ ወፍሯል ብሏት እየሳቀች ገባች፣ ነጠላዋ በዝናብ ሾቆ፣ አባቴ እግር ሥር ተቀምጣ ወፍሯል አሉኝ እኮ፣ ያ ቀጫጫ ልጅህ ወፍሯል አሉኝ እያለች ደጋገመችለት። አባቴ ለረጅም ጊዜ ፊቷን አየ። ያን ዕለት አላለቀሰም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምላጩን ስከፍት ማንም ሳይይዘው አገጩን ራሱ ቀና አደረገልኝ። እንባም፣ መወራጨትም አልነበረም። ደህናውን ጉንጩን እንደ ድሮው ነፍቶ ያዘልኝ፣ እኔም ያለ አንዲት ጭረት ጨረስኩ። በልጅነቴ ከዚያ ቀን የበለጠ የኮራሁበት ቀን የለም። አባቴ እጄን አመነው ብዬ ለጅግሶ እናት ሮጬ ነገርኳት፣ ከዚያ ወዲያም ቅዳሜን እንደ በዓል የምጠብቅ ሆንኩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የእኛ ጉድ የመጣው ከመስቀል በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው። አባቴን ላጭቼ ጨርሼ ከጆሮው ኋላ የቀረውን ሳሙና ልጠርግ ስል፣ ጋቢ የለበሰ ወጣት ሰው ከደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ቀና ሲል የአባቴን የሚያብለጨልጭ ጉንጭ አየ። ከዚያ በኔ እጅ ያለውን ምላጭ አየ። ቤት የተሳሳተ መስሎት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«በማን ነው የምታጽናናን?» አለችው እናቴ።

ሰውየው የግርማ ጓደኛ፣ በዚያው መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነበር። ሌሎቹ ሹፌሮች ያደርጉት እንደነበረው ደህና ነው ብሎ መዋሸት አልቻለም፣ አፉ ቀድሞት ነበር። ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ነግሬዎት አልነበረም?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ ዓይኑን ጨፈነና ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አወራልን። ሚያዝያ ላይ ከነገሌ ወዲያ አንድ ደረቅ ወንዝ በድንገት በደራሽ ጎርፍ ሞልቶ ግርማን ከነመኪናው ወስዶታል፤ ሬሳውም አልተገኘም። መርዶ በመንገደኛ አፍ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ ነው የሚነገረው። ይህ ልጅ ደግሞ ዲላ ውስጥ ሰው ስለማያውቅ፣ መጻፍም ስለማይችል፣ ለደብሩ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ለማስጻፍ መኪናውን አቁሞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካሉት ጸሐፊዎች ወደ አንዱ ሄደ። ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ የሟቹን ስም ጠየቀው። ግርማ አለው። የአባቱን ስም ጠየቀው። ነገረው። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠና፣ እኔ ነኝ፣ ለቤቴ በወጉ አስነግራለሁ፣ አንተ መንገድህን ሂድ አለው። ልጁ ሄደ። አባቴ ወረቀቱን ሲሰበስብ ወደቀ። ሌሎቹ ሹፌሮችም አባትየው ያውቃል፣ ለሚስቱ ያልነገራት በምክንያት ነው፣ ለእናት መርዶ አቀባይ አንሆንም ብለው ክረምቱን ሙሉ ዋሹላት።

እናቴ ወዲያው አልጮኸችም። ከእጄ ላይ ፎጣውን ወስዳ ከጆሮው ኋላ የቀረውን ሳሙና ጠረገችለት፣ ጉንጩን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን» አለችው። ጩኸቷ ከዚያ በኋላ መጣ፣ ሰፈሩም ተሰበሰበ፣ እነዚያ በግንቦት ያባረረቻቸው ሁለት ሴቶች ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። እኔ ምላጩን እንደያዝኩ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ሐዘንተኛ አባቴን በየሳምንቱ እጁን አስይዤ ሐዘኑን ከፊቱ ላይ ስፍቅ እንደከረምኩ የገባኝ እዚያ ጥግ ላይ ነው፣ መሞትን እመርጥ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ለቀስተኛው ሲገባ፣ እናቴ ጠራችኝ። አባቴ ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ፈታች። ሹሩባዋ እስከ ወገቧ ይደርስ ነበር።

«ነይ፣ አሁን እኔን ላጪኝ» አለችኝ። «እጅሽ ለምዷል።»

አልችልም ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ ሹሩባዋን በመቀስ ቆርጠው ጭኗ ላይ አኖሩላት፣ ጭንቅላቷን በውሃና በሳሙና አራሱልኝ፣ ምላጩን ስዬ ከግንባሯ ጀመርኩ። ስለቱ ተኝቶ፣ ግራ እጄ ቆዳውን ወጥሮ፣ ቀኙ ዝም ብሎ ሄደ። አንድም ቦታ አልቆረጥኳትም። ከሴቶቹ አንዷ እጇ ይባረክ አለች። አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ ያየን ነበር፣ አሁን እንደ ልቡ እያለቀሰ።

የአባቴን ጢም ከዚያ ወዲያ የነካው የለም። እስከ ደረቱ ወርዶ፣ ሸብቶ፣ በሁለተኛው በልግ አብሮት ተቀበረ።

ዛሬ ዲላ ስሄድ በዚያ በጭቃው መንገድ ባጃጅ ይተራመሳል፣ በየመንገዱ ዳር ወጣቶች በኤሌክትሪክ መላጫ ጢም ሲቀርጹ ይውላሉ። ልጆቼ ጢማቸውን እንደ ወደዱ ያሳድጋሉ፣ ልቅሶ ቤትም ተላጭተው ይሄዳሉ፣ ማን ሞተብህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዘመኑ ነው ብዬ አልቆጣቸውም። መርዶም በስልክ ይመጣል። የግርማ መርዶ በስልክ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ክረምት አይኖርም ነበር እላለሁ፣ እናቴም ወፍሯል አሉኝ እያለች በዝናብ እየሳቀች አትገባም ነበር። የቱ እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ እጄን ያመነው መስሎኝ የኮራሁበትን ያን ቅዳሜ ሳስብ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ አባቴ የልጁን ሞት እያወቀ፣ እናቴ ትንሽ ቀን እንድትስቅ ብሎ፣ አገጩን ቀና አደረገልኝ።